ከቆጣሪ እስከ መኪና፦ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፖሊሲ የመጨረሻው 30 ሜትር

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ማስታወቁ ይታወሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጓል። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት ደግሞ ዜሮ እንዲሆን ወስኗል። የእነዚህ ውሳኔዎች ዓላማ ለነዳጅ ግዢ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስና ሀገሪቱ ከወንዞቿ በምታመነጨው ኃይል መጠቀም ነው።

የኃይል ማመንጫው ጎንም ከፍተኛ ለውጥ አሳይቷል። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ካመነጨ በኋላ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው።

እንግዲህ በአንድ በኩል መኪናው በጉምሩክ በር አልፎ ገብቷል፤ በሌላ በኩል ኃይሉ በግድቡ ላይ ተመንጭቷል። ሁለቱ የሚገናኙት ግን በአብዛኛው በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ባለው አጭር መስመር ላይ ነው። ይህ መስመር በርዝመቱ ከ20 ወይም ከ30 ሜትር አይበልጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ደኅንነት፣ የጎረቤት መብራትና የፖሊሲው ተአማኒነት በዚሁ አጭር መስመር ጥራት ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ጉዳዩ የግለሰብ የግቢ ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በሚገኙ የግል ግቢዎች የመኪና ማቆሚያው ብዙውን ጊዜ ከዋናው መኖሪያ ቤት ተነጥሎ ከውጭ በሩ አጠገብ የሚሠራ መጠለያ ነው። ወደዚህ መጠለያ የተዘረጋ መስመር ቢኖር እንኳ ከአንድ አምፖልና ምናልባትም ከጥበቃ ቤቱ ሶኬት ያለፈ አገልግሎት እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ባለቤቱ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ በቅድሚያ የሚመጣለት አማራጭ ከዋናው ቤት በኤክስቴንሽን ገመድ መሳብ ወይም ከአምፖሉ መስመር ላይ ቀጥሎ አንድ ሶኬት መትከል ነው። ሁለቱም በዕለቱ ይሠራሉ፤ አደጋቸውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። መኪናው ኃይል እየሞላ ስለሚታይ መስመሩ ብቁ እንደሆነ ተደርጎ ይወሰዳል።

በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚሰነዘረው መከራከሪያ "የእንጀራ ምጣድን የቻለ መስመር መኪናንም ይችላል" የሚል ነው። በኃይል መጠን ብቻ ካየነው አባባሉ እውነት ይመስላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል የሚወስድ ሲሆን በ16 አምፔር የሚሞላ መኪናም በ220 ቮልት 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው። ምጣድ በሳምንት ለጥቂት ጊዜያት ተጥዶ፣ ሰው በአጠገቡ ቆሞ ሠርቶ ይነቀላል። መኪና ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በየሌሊቱ ለበርካታ ሰዓታት ያለማቋረጥ ኃይል ይስባል። የሽቦ፣ የሶኬትና የማያያዣ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ስለማይደርስ ለአንድ ሰዓት የቻለ ሶኬት ለ6 ሰዓት ላይችል ይችላል።

ከዚህም በላይ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ጋር በእኩል መጠን የሚያድግ አይደለም። በከረንቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። ከ10 አምፔር ወደ 16 አምፔር ከፍ ያለ መስመር ጭነቱ በ60 በመቶ የጨመረ ቢመስልም በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። የላላ ብሎን፣ ያረጀ ሶኬት ወይም በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል ካለ ሙቀቱ በዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። የእሳት አደጋ የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ደካማ መጋጠሚያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። መኪና ማቆሚያው ከቤቱ በራቀ ቁጥር ሽቦው መወፈር ይኖርበታል። ለአብነት ያህል ከማከፋፈያ ሳጥኑ 30 ሜትር የራቀ ማቆሚያ በተለምዶ ለአምፖል በሚያገለግለው ባለ 1 ነጥብ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢገናኝና 16 አምፔር ቢጫንበት፣ በመንገድ ላይ 11 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ 180 ዋት የሚጠጋ ኃይልም ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። ይህም ባለ 60 ዋት 3 አምፖሎችን በሽቦው ርዝመት ላይ አብርቶ እንደማሳደር ነው። ያው ርቀት ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢጠቀም የሚጠፋው ቮልቴጅ ወደ 4 ቮልት፣ የሚባክነው ኃይልም ከ70 ዋት በታች ይወርዳል። 32 አምፔር የሚስብ፣ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ መሙያ ለመትከል ለሚፈልግ ደግሞ ለዚህ ርቀት ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ የመዳብ ኬብል ያስፈልገዋል። የአሉሚኒየም ሽቦ ከሆነ ውፍረቱ ከዚህም ከፍ ማለት አለበት።

በአግባቡ የተሠራ መስመር ምን እንደሚመስል በዘርፉ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ለሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ሥራ ባወጣው ደረጃ ቁጥር 60364 ውስጥ ክፍል 722 የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ብቻ የሚመለከት ነው። ዋናው መርሕ እያንዳንዱ የመሙያ ነጥብ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ይኑረው የሚል ነው። አምፖልም ሆነ ማቀዝቀዣ ከዚህ መስመር ላይ አይቀጠልም። መስመሩ የራሱ ብሬከር ይኖረዋል። በተጨማሪም በባለሙያዎች ዘንድ አር.ሲ.ዲ. ተብሎ የሚጠራው መሣሪያ ይገጠምለታል። ይህ መሣሪያ ከመስመሩ ያፈተለከ ከረንት 30 ሚሊ አምፔር ሳያልፍ ኃይሉን የሚያቋርጥ ነው። የመኪና ባትሪ የሚሞላው በቀጥተኛ ከረንት በመሆኑ፣ ብልሽት ሲያጋጥም ይኸው ከረንት ወደ ቤቱ መስመር ተመልሶ ተራውን አር.ሲ.ዲ. ሊያደነዝዘው ይችላል። ስለሆነም ይህን የሚለይ መከላከያ በመሙያው ውስጥ ወይም በሳጥኑ ውስጥ መኖሩ መረጋገጥ አለበት።

የመሬት መስመር ጉዳይም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። መኪና ከብረት የተሠራ አካል ሆኖ በጎማ ላይ የቆመ ነው። ብልሽት ቢያጋጥመውና የመሬት መስመሩ የተቋረጠ ቢሆን የመኪናው አካል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። በክረምት በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የመኪናውን በር የሚከፍት ሰው ከሁሉ በላይ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በዚህ ላይ በበርካታ የአዲስ አበባ አካባቢዎች የሚገኘው ዋልካ አፈር በዝናብ የሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ የሚሰነጠቅ በመሆኑ የመሬት ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል፤ በአፈር ውስጥ የተቀበረ ቱቦም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ወደ ማቆሚያው የሚሄደው ኬብል በብረት የተሸፈነ ወይም በጠንካራ ቱቦ ውስጥ ያለፈ፣ መኪና የሚያልፍበትን ክብደት በሚችል ጥልቀት የተቀበረና በላዩ ምልክት የተደረገበት መሆን ይኖርበታል። የመሬት ዘንጉም በክረምት ብቻ ሳይሆን በበጋ ጭምር ተለክቶ ብቃቱ መታወቅ አለበት።

ብዙ ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ሥራው ከአቅማቸው በላይ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የመኪናው ዕለታዊ ፍላጎት ከባትሪው መጠን ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶሞቢል 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢጠቀም ነው። ይህንኑ ለመተካት በ10 አምፔር ከ3 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ፣ በ16 አምፔር ደግሞ 2 ሰዓት ያህል ይበቃል። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን ከባዶ መሙላት በየቀኑ የሚያጋጥም ተግባር አይደለም። በመሆኑም ለአብዛኛው የከተማ ነዋሪ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ውድ መሙያና ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በትክክል የተሠራ ባለ 16 አምፔር ልዩ መስመር ነው። ይህም በወጪም ሆነ በኔትወርኩ ላይ በሚያሳድረው ጫና ዝቅተኛው መንገድ ነው።

የኔትወርኩ ጫና ከአንድ ግቢ አልፎ መንደሩን የሚመለከት ነው። ለምሳሌ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር አቅም ካለው ትራንስፎርመር ኃይል በሚያገኝ አንድ መንደር ውስጥ 20 መኪናዎች አሉ እንበል። ባለቤቶቹ ከሥራ ተመልሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እያንዳንዳቸው በ7 ኪሎ ዋት መሙላት ቢጀምሩ 140 ኪሎ ዋት በአንድ ጊዜ ይጫናል። ይህም ምግብ በሚበስልበትና መብራት በሚበራበት ሰዓት ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚመጣ ነው። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ መኪና የሌላቸው ጎረቤቶች ጭምር በጨለማ ይቀራሉ። በአንጻሩ እነዚሁ 20 መኪናዎች ለዕለት ጉዟቸው የሚያስፈልጋቸው ኃይል በድምሩ 140 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባሉት 7 ሰዓታት ውስጥ ቢከፋፈል በአማካይ ከ20 ኪሎ ዋት አይበልጥም። መኪናውም ትራንስፎርመሩም አንድ ዓይነት ሆነው ውጤቱ የተለያየው በሰዓቱ ምክንያት ብቻ ነው።

ሰዓትን ለማስተካከል ከሚረዱ መሣሪያዎች አንዱ ታሪፍ ነው። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እርከን በእርከን ከፍ የሚልበት አሠራር ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በ4 ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚተገበር ማሻሻያ ወጥቷል። በወር 210 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ለመኪና የሚጨምር ቤተሰብ ወደ ከፍተኛ እርከን መሸጋገሩ አይቀርም። ነገር ግን እርከኑ የሚለካው የወሩን ድምር እንጂ ኃይሉ የተወሰደበትን ሰዓት አይደለም። በሌሊት የሚሞላውም በምሽቱ ከፍተኛ ሰዓት የሚሞላውም በዚህ ስሌት እኩል ይከፍላሉ። ለሌሊት መሙላት ዋጋ የሚሰጥ ታሪፍና ይህን የሚለይ ቆጣሪ ቢኖር ትራንስፎርመር ከመለወጥ የሚቀድም ርካሽ መፍትሔ ይሆናል።

የሕግ ማዕቀፉን ስንመለከት መነሻ የሚሆኑ ሰነዶች መኖራቸውን እንገነዘባለን። የሕንፃዎችን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ደረጃ 10 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎችን ብቃት የማረጋገጥ ሥልጣን ለተቆጣጣሪው አካል ሰጥቷል። ይሁን እንጂ የሕንፃ ኮዱ ሲዘጋጅ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በሀገሪቱ ጎዳናዎች ላይ አልነበረም። በአሠራርም የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰጪው ኃላፊነት በአብዛኛው ቆጣሪው ላይ ያበቃል። የሕንፃ ፈቃድ ሰጪው አካል ደግሞ ቤቱ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ በግቢው ውስጥ የሚዘረጋን ኬብል የሚያይበት አጋጣሚ ጠባብ ነው። መኪናውን የሚመዘግበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የት እንደሚሞላ አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት መስመሩ በ3 ተቋማት መካከል ያለ ባለቤት የቀረ ክፍት ቦታ ሆኗል።

ክፍተቱን በአዲስ ፈቃድ መሙላት ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የራሱ አደጋ አለው። አንድ ሶኬት ለመትከል ደብዳቤ ማጻፍ፣ ወረፋ መጠበቅና መመላለስ ግዴታ ከሆነ ባለቤቱ ወደ ኤክስቴንሽን ገመዱ ይመለሳል። የከፋው መስመርም ከመንግሥት ዓይን የተሰወረው ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ቁጥጥር ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ሳይሆን፣ ተገልጋዩ የማይሸሸው ቁጥጥር ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው። በብሪታኒያ በመኖሪያ ቤት መሙያ የሚተክል ባለሙያ የቤቱ አጠቃላይ ጭነት ከተወሰነ መጠን ካላለፈ በቅድሚያ ፈቃድ አይጠይቅም። መሙያውን ተክሎ በ28 ቀናት ውስጥ ለአካባቢው የኃይል አከፋፋይ ያሳውቃል። ጭነቱ ከመጠኑ ካለፈ ግን አስቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል። በዚህ አሠራር አከፋፋዩ በየትኛው ትራንስፎርመር ሥር ስንት መኪና እንዳለ ያውቃል፤ ነዋሪውም አይጉላላም። ከሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በእንግሊዝ መኪና ማቆሚያ ያላቸው አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የመሙያ ነጥብ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። በዚያው ወር በብሪታኒያ የሚሸጡ የቤት መሙያዎች ከከፍተኛ ጭነት ሰዓት ውጪ እንዲሞሉ ተደርገው እንዲቀረቡ ግዴታ ተጥሏል። ተጠቃሚው ከፈለገ ሰዓቱን የመለወጥ መብት አለው። ካልነካው ግን መኪናው የሚሞላው ከከፍተኛ ጭነት ሰዓት ውጪ ነው።

እነዚህን ተሞክሮዎች እንዳሉ መገልበጥ አይቻልም። በአዲስ አበባ አንድ ቆጣሪ አከራይና ተከራይ በጋራ የሚጠቀሙባቸው ግቢዎች በርካታ ናቸው። በእንዲህ ያለ ግቢ የአንዱ መኪና መሙላት የሌላውን ምጣድና ሂሳብ ይነካል። በጋራ መኖሪያ ቤቶችም የመኪና ማቆሚያው የጋራ ይዞታ ሲሆን የእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ያለው ከሕንፃው ውስጥ ነው። ከ4ኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ ማውረድ መፍትሔ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። እዚህ ላይ የነዋሪዎች ማኅበራት በጋራ የሚያስተዳድሩት፣ የራሱ ቆጣሪ ያለውና እያንዳንዱ ተጠቃሚ የተጠቀመበትን ያህል የሚከፍልበት የመሙያ ነጥብ ይበልጥ ተገቢ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ወጪ የሚቀንሰው አስቀድሞ ማሰብ ነው። ቤት በሚሠራበት ጊዜ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ወይም ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ባዶ ቱቦ መቅበር ከአጠቃላይ የግንባታ ወጪ አንጻር እጅግ አነስተኛ ነው። ግቢው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ከተነጠፈ በኋላ ይህንኑ ለመሥራት መቆፈር፣ መስበርና መልሶ መገንባት ይጠይቃል። በብዙ ግቢዎች ቆጣሪው ከውጭ በሩ አካባቢ መሆኑም አመቺ ሁኔታ ነው። ባለሙያው ከዋናው ቤት ከመሳብ ይልቅ ከቆጣሪው ቀጥሎ ማከፋፈያ ቢያስቀምጥ የኬብሉን ርዝመትና ብክነት በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል።

ከላይ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች በመነሳት ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች ውስብስብ አይደሉም። አንደኛ፣ ለ16 እና ለ32 አምፔር መሙያዎች የኬብል ውፍረትን በየርቀቱ፣ የመከላከያ ዓይነትንና የመሬት መስመር መለኪያን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ብሔራዊ መመሪያ በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አነስተኛ ጭነት ያለው መሙያ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ ተተክሎ በቀላል ቅጽ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚገለጽበት፣ ከፍተኛ ጭነት ያለው ደግሞ አስቀድሞ የሚፈቀድበት ሥርዓት መዘርጋት ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ መኪናው ሰሌዳ በሚያወጣበት ጊዜ ባለቤቱ ይህን መመሪያ እንዲያገኝ ቢደረግ መረጃው በትክክለኛው ጊዜ ለትክክለኛው ሰው ይደርሳል። አራተኛ፣ በአዳዲስ ግንባታዎች የባዶ ቱቦ ግዴታ በሕንፃ ፈቃድ ውስጥ ሊካተት ይገባል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ለዚህ ተግባር ቀዳሚ ምሳሌ መሆን ይችላሉ። የኤሌክትሪክ መኪናዎችን የተረከበ ወይም ለመረከብ የተዘጋጀ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በግቢው ያለው የመሙያ መስመር ከየትኛው ሳጥን እንደተነሳ፣ በምን ውፍረት ኬብል እንደተዘረጋ፣ አር.ሲ.ዲ. ያለው መሆኑንና የመሬት መስመሩ መቼ እንደተለካ የጠቅላላ አገልግሎት ክፍሉን ቢጠይቅ መልሱን በአንድ ቀን ውስጥ ሊያገኝ ይችላል። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ካለ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ሀገሪቱ በሕዝቧ መዋጮ ጭምር የገነባችው ግድብ የሚያመነጨው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን በከፍተኛ መስመር አቋርጦ ወደ ከተሞች ይደርሳል። ያን ሁሉ መንገድ በደኅና የመጣ ኃይል በመጨረሻው 30 ሜትር ላይ በቀጭን ሽቦና በላላ ብሎን ምክንያት ለአደጋ መንስኤ እንዳይሆን ማድረግ፣ ከፍተኛ በጀት ሳይሆን የተቋማትን ቅንጅትና የባለሙያን ኃላፊነት የሚጠይቅ ተግባር ነው።